መብራት የሚጠፋው ለምንድን ነው? የኤሌክትሪክ ኃይል ሥርዓት መሐንዲስ ላልሆነ አንባቢ

በዕለት ተዕለት ንግግራችን «መብራት ሄደ» የሚለው አባባል ብዙ ነገር ይሸከማል። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ቢቃጠል መብራት ሄደ እንላለን፤ የግድብ ውኃ አንሶ ሥርጭቱ በፈረቃ ቢሆን መብራት ሄደ እንላለን፤ የአንድ አገር የኤሌክትሪክ መረብ በሙሉ በአንድ ጊዜ ቢወድቅም ከዚህ የተለየ ቃል የለንም። ሕመምተኛ «አሞኛል» ብቻ ብሎ ዝም ቢል ሐኪም መድኃኒት ሊያዝለት እንደማይችል ሁሉ፣ የመብራት መጥፋትም መንስኤው ካልተለየ መፍትሔውን መጠየቅ አይቻልም።

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ይህ ጉዳይ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። «ይህን ያህል ኃይል እያመነጨን በቤታችን መብራት ለምን ይጠፋል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢና ቀጥተኛ ነው። መልሱ ግን ግድቡ ጋ ብቻ አይገኝም። ከተርባይኑ እስከ ቤታችን ቆጣሪ ድረስ ያለውን ሥርዓት እንደ አንድ አካል ማየትን ይጠይቃል። በዚህ ጽሑፍ ይህን ሥርዓት ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ በማያልፍ ዕውቀት ለመመርመር እንሞክራለን።

ኃይልና ኢነርጂ አንድ አይደሉም

ከሁሉ በፊት ሁለት ነገሮችን መለየት ይኖርብናል። ኢነርጂ ማለት የተሠራው ሥራ ጠቅላላ መጠን ሲሆን፣ ኃይል ደግሞ ያ ሥራ የሚሠራበት ፍጥነት ነው። ኃይል በዋት፣ በኪሎ ዋትና በሜጋ ዋት ይለካል። የቤታችን ቆጣሪ የሚቆጥረው ግን ኢነርጂን ነው፤ መለኪያውም ኪሎ ዋት ሰዓት ይባላል።

ለምሳሌ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድን እንውሰድ። በአገራችን የተለመዱት ምጣዶች ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት የሚደርስ ኃይል ይወስዳሉ። ለስሌታችን እንዲመች 3.5 ኪሎ ዋት እንበል። ይህ ምጣድ ሳያቋርጥ ለአንድ ሰዓት ቢሠራ 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ኢነርጂ ይጠቀማል። በሌላ በኩል 10 ዋት የሚወስድ አንድ አምፖል ይህንኑ ያህል ኢነርጂ ለመጠቀም 350 ሰዓት መብራት ይኖርበታል። በቆጣሪው ዘንድ የሁለቱ ሂሳብ እኩል ነው። በመስመሩ፣ በትራንስፎርመሩና በኃይል ማመንጫው ዘንድ ግን ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ያህል ነው፤ ምጣዱ በዚያች አንዲት ሰዓት ውስጥ የ350 አምፖሎችን ሸክም በአንድ ጊዜ ይጭንባቸዋልና።

አሁን ምጣዱን እናብዛው። በበዓል ዋዜማ 100,000 ቤተሰቦች በአንድ ሰዓት ላይ ምጣዳቸውን ቢያበሩ የሚጠይቁት ኃይል 350 ሜጋ ዋት ይሆናል። የተከዜ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖቹን ሁሉ አሠርቶ ሊያመነጭ የሚችለው 300 ሜጋ ዋት ነው። እንግዲህ ለእንጀራ መጋገሪያ ብቻ አንድ ተከዜ አይበቃም ማለት ነው። በበዓላት ዋዜማ ከፍተኛ ኃይል የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች ፍጆታቸውን እንዲቀንሱ ጥሪ የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

ከግድብ እስከ ምጣድ

በአገራችን ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው ከውኃ ስለሆነ ጉዟችንን ከውኃው እንጀምር። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ይህ ውኃ ከ100 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚሰጠው ኢነርጂ ክብደቱን፣ የመሬት ስበትን መጠንና ከፍታውን በማባዛት ይገኛል፦ 1,000 × 9.8 × 100 = 980,000 ጁል። አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 3,600,000 ጁል ነው። በተርባይኑና በጄኔሬተሩ ውስጥ የሚባክነውን ጥቂት ድርሻ ስንቀንስ፣ አንድ ሜትር ኩብ ውኃ የሚሰጠን ሩብ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ምጣዳችንን ለአንድ ሰዓት ለማሠራት 14 ሜትር ኩብ ውኃ ከ100 ሜትር ከፍታ መውረድ አለበት። ይህ ባለ 200 ሊትር 70 በርሜል ውኃ ነው። ማብሪያ ማጥፊያውን ስንጫን ይህን ሁሉ ውኃ እያወረድን መሆናችንን ማስታወስ ይገባል።

የሚወርደው ውኃ ተርባይኑን ያሽከረክራል፤ ከተርባይኑ ጋር በአንድ ዘንግ የተያያዘው ጄኔሬተር ደግሞ እንቅስቃሴውን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ቀጣዩ ችግር ይህን ኤሌክትሪክ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ማጓጓዝ ነው። በዚህ ላይ ቮልቴጅ ወሳኝ ሚና አለው።

የሚጓጓዘው ኃይል በቀላል አገላለጽ የቮልቴጅና የኤሌክትሪክ ፍሰት ብዜት ነው። ሽቦ ለሚያልፍበት ፍሰት እንቅፋት ስለሚሆን ይሞቃል፤ በሙቀት መልክ የሚባክነው ኃይልም ከፍሰቱ ስኩዌር ጋር ያድጋል። ፍሰቱ እጥፍ ቢሆን ብክነቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። 100 ሜጋ ዋት በ15,000 ቮልት ብናጓጉዝ ወደ 6,700 አምፒር የሚጠጋ ፍሰት ያስፈልገናል። ያንኑ ኃይል በ400,000 ቮልት ብናጓጉዝ ግን 250 አምፒር ይበቃል። ፍሰቱ በ27 እጥፍ ገደማ ሲቀንስ፣ በአንድ ዓይነት ሽቦ ላይ የሚደርሰው ብክነት ከ700 እጥፍ በላይ ይቀንሳል። እውነተኛው መስመር ሦስት ፌዝ ያለው በመሆኑ ስሌቱ ጥቂት ቢለይም መርሁ አይለወጥም።

ረጃጅሞቹ የብረት ምሰሶዎች የሚሸከሙት ከፍተኛ ቮልቴጅ ትርጉሙ ይህ ነው። በአገራችን ማስተላለፊያ መስመሮች በ132፣ በ230፣ በ400ና በ500 ኪሎ ቮልት ይሠራሉ። ከሕዳሴው ግድብ ተነሥቶ በደዴሳ በኩል ሆለታ የሚደርሰው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ኃይሉ ወደ ከተማ ሲቃረብ በማከፋፈያ ጣቢያዎች ቮልቴጁ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ከዚያ በ33 ወይም በ15 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ ሰፈር ይገባል፤ በመጨረሻም በመንገድ ዳር የምናየው ትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ቮልት አውርዶ ለየቤቱ ያድለዋል።

ጎተራ የሌለው ምርት

እስካሁን ያየነው መንገዱን ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል ሥርዓትን ከሌሎች የምርት ዘርፎች ሁሉ የሚለየው ግን ሌላ ጠባይ ነው። ጤፍ ታጭዶ ጎተራ ይገባል፤ ነዳጅ ተጓጉዞ በዲፖ ይከማቻል፤ የቧንቧ ውኃም በጋን ይጠራቀማል። ኤሌክትሪክ ግን በሽቦ ውስጥ አይከማችም። ውኃውን በግድብ፣ ኢነርጂውንም በባትሪ ማቆየት ይቻላል፤ በመስመሩ ላይ የሚሄደው ኃይል ግን በተመነጨበት ቅጽበት ጥቅም ላይ መዋል አለበት። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሰከንድ የሚመነጨው ኃይል፣ ተጠቃሚው ከሚወስደውና በመንገድ ከሚባክነው ድምር ጋር እኩል መሆን ይኖርበታል። የሥርዓቱ የመጀመሪያ ሕግ ይህ ነው፤ ከዚህ በታች የምናነሣው ሁሉ ከዚህ ሕግ የሚመነጭ ነው።

ሚዛኑ ሲዛባ ምን ይሆናል? ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በገጠር ከተሞች የሚገኘው በናፍጣ የሚሠራ የእህል ወፍጮ ነው። ወፍጮው ባዶውን ሲዞር የሞተሩ ድምፅ ቀጭንና ፈጣን ነው። እህል በብዛት ሲገባበት ድምፁ ይወፍራል፣ ዙሩም ይከብዳል። ባለ ወፍጮው ወይም የሞተሩ መቆጣጠሪያ ነዳጅ ሲጨምር ዙሩ ወደ ቦታው ይመለሳል። እህሉ ከሞተሩ አቅም በላይ ከሆነ ግን ሞተሩ እየተንገጫገጨ ይጠፋል። ልምድ ያለው ባለ ወፍጮ መለኪያ ሳያይ በድምፁ ብቻ የሸክሙን መጠን ያውቃል።

የአገር የኤሌክትሪክ መረብም እንዲሁ ድምፅ አለው፤ ይኸውም ድግግሞሽ ወይም ፍሪኩዌንሲ የሚባለው ነው። በአገራችን የኤሌክትሪክ ፍሰት በአንድ ሰከንድ ውስጥ 50 ጊዜ እየተመላለሰ አቅጣጫውን ይለዋውጣል፤ ይህም 50 ኸርዝ ይባላል። ይህ ቁጥር የሚመጣው ከጄኔሬተሮቹ ዙር ነው። በአንድ መረብ ላይ የተያያዙ ጄኔሬተሮች በአንድ ቀንበር እንደተጠመዱ በሬዎች ናቸው፤ አንዱ በራሱ ፍጥነት ልሂድ ማለት አይችልም። በጊቤ ያለው ጄኔሬተርና በበለስ ያለው ጄኔሬተር በመቶዎች ኪሎ ሜትር ቢራራቁም ምታቸው አንድ ነው። ተጠቃሚው ከሚመነጨው በላይ ሲወስድ ሁሉም አብረው ይዘገያሉ፣ ድግግሞሹም ከ50 ኸርዝ በታች ይወርዳል። ፍጆታው ሲያንስ ደግሞ ሁሉም ይፈጥናሉ፣ ድግግሞሹም ከ50 በላይ ይወጣል። በኃይል ቁጥጥር ማዕከል የተቀመጠ ባለሙያ ዓይኑን ከዚህ ቁጥር ላይ የማያነሣው ስለዚህ ነው።

ከዚህ ቀንበር ነፃ የሚሆንበት አንድ መንገድም አለ። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርሰው መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ሲሆን፣ ኃይሉን የሚያጓጉዘው በቀጥተኛ ፍሰት ነው። ቀጥተኛ ፍሰት ድግግሞሽ ስለሌለው የሁለቱ አገሮች ጄኔሬተሮች አንድ ምት መጠበቅ አይገደዱም። ኃይል ይሻገራል፤ በአንዱ መረብ ላይ የሚደርስ የድግግሞሽ መናወጥ ግን እንዳለ ወደ ሌላው አያልፍም።

የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች

አሁን አንድ ትልቅ ጄኔሬተር በብልሽት ምክንያት በድንገት ከመረቡ ቢወጣ የሚሆነውን በቅደም ተከተል እንመልከት።

በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የጎደለውን የሚሞላው ማንም ሰው አይደለም፤ በመዞር ላይ ያሉት የቀሩት ጄኔሬተሮች ክብደት ነው። የሚሽከረከር ግዙፍ ብረት በውስጡ የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ስላለው፣ ዙሩን ትንሽ በትንሽ እየከፈለ ጉድለቱን ይሸፍናል። ይህ ግን እንደ ስንቅ የሚያልቅ ነው፤ ኢነርጂው በወጣ ቁጥር ዙሩ ይወርዳልና።

ቀጥሎ የየተርባይኑ ዙር መቆጣጠሪያ መዘግየቱን ተረድቶ የውኃውን በር ይበልጥ ይከፍታል። ይህ እንዲሆን ግን ተርባይኖቹ አስቀድመው ከሙሉ አቅማቸው በታች ሲሠሩ መቆየት አለባቸው። ስለዚህ ብልህ የመረብ አስተዳደር ያለውን አቅም ሁሉ አሟጦ አይጠቀምም፤ ለክፉ ቀን የሚሆን መጠባበቂያ ያስቀራል። «ያልተጠቀምንበት አቅም አለ» ተብሎ ሲነገር ሁሉም ብክነት ነው ማለት አይደለም።

መጠባበቂያው ካልበቃና ድግግሞሹ መውረዱን ከቀጠለ የመጨረሻው መከላከያ ይመጣል። ቀደም ብለው የተዘጋጁ መሣሪያዎች የሰው ትእዛዝ ሳይጠብቁ አንዳንድ መስመሮችን ይቆርጣሉ። በዚህ ጊዜ መብራት የጠፋበት ሰፈር በደል የደረሰበት ይመስለዋል። በእርግጥ ግን የተቀረው አገር እንዲተርፍ የተከፈለ ዋጋ ነው። መርከብ እንዳይሰጥም ጭነት ወደ ባሕር እንደሚጣል ሁሉ፣ መረቡም እንዳይወድቅ ሸክም ይጥላል።

አንድ ዛፍ አገር ሲያጨልም

እነዚህ መከላከያዎች ሳይበቁ ሲቀሩ የሚደርሰውን ለማየት የኢጣሊያን ታሪክ እናንሣ። መስከረም 17 ቀን 1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ቀን 2003) ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ኢጣሊያ ከሚያስፈልጋት ኃይል ሩብ ያህሉን፣ ማለትም ከ6,000 ሜጋ ዋት በላይ፣ ከጎረቤቶቿ እየገዛች ነበር። በዚያች ሰዓት ስዊዘርላንድ ውስጥ አንድ ከፍተኛ መስመር ከዛፍ ጋር የኤሌክትሪክ ግንኙነት ፈጥሮ ተቋረጠ። የተሸከመው ኃይል ወደ ሌሎች መስመሮች ዞረ። ሁለተኛው መስመር ከመጠን በላይ ተጭኖ ሞቀ፤ ሽቦ ሲሞቅ ስለሚረዝም ወደ ታች ረገበ፤ ከ24 ደቂቃ ያህል በኋላም እርሱ ራሱ ዛፍ ነክቶ ተቋረጠ። ከዚህ በኋላ በሰከንዶች ውስጥ ኢጣሊያን ከአውሮፓ ጋር የሚያገናኙት የቀሩት መስመሮች ተራ በተራ ተለያዩ።

በድንገት ብቻዋን የቀረችው አገር ድግግሞሽ ይወርድ ጀመር። መሣሪያዎች ሸክም መጣል ቢጀምሩም፣ በዚያው ጊዜ በርካታ ማመንጫዎች ራሳቸውን ከጉዳት ለመጠበቅ ከመረቡ ወጡ፤ ጉድለቱም ተባባሰ። ድግግሞሹ ከ47.5 ኸርዝ ሲያንስ የቀሩትም ወጡ። ኢጣሊያ ከተነጠለች ከሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ በኋላ ከሰርዲኒያ ደሴት በቀር አገሪቱ በሙሉ ጨለመች። 56 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ መብራት አጣ፤ ኃይሉ ወደ ሲሲሊ ሙሉ በሙሉ የተመለሰውም በዚያው ቀን ምሽት ላይ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ኢጣሊያ የአመንጪ አቅም ድኻ አልነበረችም፤ የወደቀችው በዚያች ቅጽበት ሚዛኗን ስላጣች ነው። ሁለተኛ፣ ለመውደቅ ደቂቃዎች ሲበቁ ለመነሣት ሰዓታት ያስፈልጋሉ። አንድ ማመንጫ ለመነሣት ራሱ ለፓምፖቹና ለመቆጣጠሪያዎቹ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ከተነሣም በኋላ በመጠኑ ልክ ተጠቃሚ ተቆጥሮ ሊሰጠው ይገባል። ሸክሙ አንድ ጊዜ ከበዛበት ተመልሶ ይወድቃል። የውኃ ኃይል ማመንጫ በትንሽ ናፍጣ ጄኔሬተር ወይም በባትሪ ዕርዳታ ሊነሣ ስለሚችል በዚህ ረገድ ለአገራችን መልካም ዕድል ነው።

የአቅም እጥረትና የውኃ እጥረት

በመግቢያችን ላይ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። ስለ አንድ ማመንጫ ስንሰማ ዘወትር የሚነገረን የተተከለው አቅም ነው። የሕዳሴው ግድብ 13 ተርባይኖች በአንድነት 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ይህ ቁጥር ተርባይኖቹ ሁሉ በሙሉ ኃይላቸው ሲሠሩ የሚደረስበት ጣሪያ ነው። በዓመት ያመነጫል ተብሎ የታቀደው ኢነርጂ ደግሞ ወደ 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ይህን በዓመቱ ውስጥ ላሉት 8,760 ሰዓታት ብናካፍለው አማካዩ 1,800 ሜጋ ዋት ያህል ይሆናል። ልዩነቱ የግድቡ ጉድለት አይደለም። ወንዝ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይፈስም፤ የሰው ፍጆታም ሌሊትና ቀን እኩል አይደለም። ትልቅ የተተከለ አቅም የሚጠቅመው ፍጆታ በሚበረታበት ሰዓት ብዙ ውኃ አውርዶ፣ በሌላው ሰዓት ለመቆጠብ ነው።

እንግዲህ እጥረት በሁለት መልክ ይመጣል። የአቅም እጥረት ማለት ውኃ ቢኖርም ምሽት ላይ የሚጠየቀውን ያህል የሚያመነጭ ተርባይን አለመኖሩ ነው። የኢነርጂ እጥረት ማለት ደግሞ ተርባይኖቹ በጤና ቆመው ውኃው አለመኖሩ ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. በአገራችን የፈረቃ ሥርጭት የታወጀው በዋናነት የጊቤ ሦስት ግድብ የውኃ መጠን በመቀነሱ ነበር። ያ ማመንጫ 1,870 ሜጋ ዋት የተተከለ አቅም አለው፤ በዚያ ወር የጎደለው ግን ውኃ እንጂ ማሽን አልነበረም። ለአቅም እጥረት ፍጆታን ከምሽት ወደ ሌላ ሰዓት ማዛወር ይረዳል። ለውኃ እጥረት ግን ሰዓት መለወጥ ብቻውን አይበቃም፤ ጠቅላላውን ፍጆታ መቀነስ ወይም እንደ ነፋስና ፀሐይ ያሉ ሌሎች ምንጮችን መጨመር ያስፈልጋል። በአዳማና በአሸጎዳ የሚገኙት የነፋስ ማመንጫዎች ባመነጩ ቁጥር በግድቦቹ ውስጥ ያን ያህል ውኃ ለነገ ይተርፋል።

የመጨረሻው ኪሎ ሜትር

በየሰፈሩ የምናየው የመብራት መቋረጥ ግን ከሁለቱም ጋር ላይገናኝ ይችላል። ከማከፋፈያ ጣቢያ እስከ ቤታችን ያለው መንገድ አጭር ቢሆንም ለብልሽት እጅግ የተጋለጠ ነው። ባለ 15 ኪሎ ቮልት መስመር በዛፎችና በቤቶች መካከል ያልፋል፤ የእንጨት ምሰሶ ይበሰብሳል፤ ነፋስ ሽቦ ከሽቦ ያጋጫል፤ በክረምት እርጥብ ቅርንጫፍ ይወድቅበታል። ለ50 ቤቶች ታስቦ የተተከለ ትራንስፎርመር 120 ቤቶችን እንዲሸከም ሲደረግ በመጀመሪያ ቮልቴጁ ይዳከማል፤ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ምጣዱም ቶሎ አይግልም። ከዚያ ፊውዙ ይቃጠላል፤ ይህ ሲደጋገም ትራንስፎርመሩ ራሱ ይቃጠላል።

ይህን ችግር አንድ ተጨማሪ ግድብ አይፈታውም። የጠበበች የቧንቧ ጫፍ ባለችበት ጋኑን ማስፋት ውኃውን እንደማያበረታው ሁሉ፣ በደከመ የሥርጭት መስመር ላይም ተጨማሪ ሜጋ ዋት አያልፍም። በአገራችን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራው በሁለት ተቋማት ተከፍሏል፤ ማመንጨትና በከፍተኛ መስመር ማስተላለፍ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለተጠቃሚ ማሰራጨትና መሸጥ ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ድርሻ ነው። ጥያቄያችን ለማን እንደሚቀርብ ለማወቅም ብልሽቱ በየትኛው ክፍል እንደደረሰ መገመት ይጠቅማል።

መብራት ሲጠፋ ምን እንመልከት?

ከላይ ያየነውን በተግባር ብናውለው ማንኛውም ሰው የተወሰነ ምርመራ ሊያደርግ ይችላል።

የጠፋው በእኛ ቤት ብቻ ከሆነ ምክንያቱ ከቆጣሪው ወዲህ ወይም ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ባለው ሽቦ ላይ ነው። በአንድ ትራንስፎርመር የሚጠቀሙ ቤቶች ሁሉ ጨልመው ከማዶ ያሉት ከበራላቸው ትራንስፎርመሩን ወይም ፊውዙን እንጠርጥር። ከሦስት ቤት አንዱ ብቻ ጠፍቶ ሌሎቹ ከበራላቸው ከሦስቱ ፌዞች አንዱ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። ሰፋ ያለ ቀበሌ ወይም ክፍለ ከተማ ከጨለመ የ15 ኪሎ ቮልት መስመሩ ወይም የማከፋፈያ ጣቢያው ጉዳይ ነው። ብዙ ከተሞች በአንድ ቅጽበት ከጨለሙ ችግሩ የማስተላለፊያ መስመር ወይም የጠቅላላው ሚዛን መናጋት ነው። መብራቱ በታወቀ ሰዓት ሄዶ በታወቀ ሰዓት የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ፈረቃ ነው፤ ያን ጊዜ «ያነሰው አቅም ነው ወይስ ውኃ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል።

የእኛ ድርሻ

መረቡ ሁላችንንም የሚያስተሳስር እንደመሆኑ የእያንዳንዱ ተጠቃሚ ጠባይ በሌላው ላይ ይደርሳል። ሦስት ነጥቦችን ብቻ እናንሣ።

በመጀመሪያ፣ መብራት ሲጠፋ ምጣዱን፣ ምድጃውንና የውኃ ማሞቂያውን ማጥፋት፣ አንድ አምፖል ብቻ ለምልክት መተው መልካም ነው። ኃይሉ ሲመለስ የሰፈሩ ዕቃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከጠበቀው ሸክሙ ከተለመደው በላይ ይሆንና ፊውዙ እንደገና ሊቃጠል ይችላል። «መጥቶ ወዲያው ሄደ» የምንለው አንዳንዴ በዚህ የተነሣ ነው።

ሁለተኛ፣ እንጀራ መጋገርን ከምሽቱ ጭንቅንቅ ሰዓት ወደ ሌላ ሰዓት ማዛወር ለቆጣሪያችን ልዩነት ባይኖረውም ለሰፈሩ ትራንስፎርመር ትልቅ ዕረፍት ነው።

ሦስተኛው የሕይወት ጉዳይ ነው። ብዙ ቤቶችና ሱቆች የራሳቸው ጄኔሬተር አላቸው። ጄኔሬተሩ ከዋናው መስመር የሚለይ ማቀያየሪያ ሳይደረግለት በግድግዳ ሶኬት በኩል ከተገናኘ ኃይሉ ወደ ውጭው መስመር ይወጣል። ትራንስፎርመር በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራልና 220 ቮልቱ በምሰሶው ላይ ተመልሶ እስከ 15,000 ቮልት ሊወጣ ይችላል። መስመሩ ሞቷል ብሎ የወጣውን የጥገና ሠራተኛ ይገድለዋል። እንዲሁም የወደቀ ሽቦ ሰፈሩ ጨለማ ቢሆንም በማንኛውም ቅጽበት ሊነቃ ስለሚችል፣ መቼም ቢሆን ሊጠጉት አይገባም።

መልመጃ

አንባቢ የተማረውን እንዲፈትን የሚከተሉትን እናቀርባለን።

1. በቤታችሁ ያሉትን የኤሌክትሪክ ዕቃዎች በላያቸው ላይ ከተጻፈው ዋት ጋር መዝግቡ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢበሩ ስንት ኪሎ ዋት ይጠይቃሉ? የጎረቤት ቤቶችም ተመሳሳይ ቢሆኑ 100 ኪሎ ዋት ገደማ የሚሸከም ትራንስፎርመር ስንት ቤት ይችላል?

2. ካለፈው ወር የቆጣሪ ሂሳብ ኪሎ ዋት ሰዓቱን ወስዳችሁ በወሩ ሰዓታት አካፍሉት። የምታገኙት አማካይ ኃይል በመጀመሪያው ጥያቄ ካገኛችሁት በምን ያህል ያንሳል? ልዩነቱ ስለ ሕዳሴው ግድብ 5,150 እና 1,800 ሜጋ ዋት ምን ያስረዳችኋል?

3. በአካባቢያችሁ የሚደርሰውን የመብራት መቋረጥ ለአንድ ወር በቀን፣ በሰዓትና በስፋት መዝግቡ። እያንዳንዱ ከላይ ከዘረዘርናቸው ወደየትኛው ይመደባል? ከወሩ መጨረሻ መዝገባችሁን ይዛችሁ በአካባቢያችሁ ወደሚገኘው የአገልግሎት ማዕከል ብትሄዱ «መብራት ይጠፋብናል» ከማለት የተሻለ ጥያቄ ታቀርባላችሁ፤ የተሻለ ጥያቄም የተሻለ መልስ የማግኘት ዕድል አለው።